የተዘጋ ፋይል ሀንድል ቁጥሩ ለሌላ ሲሰጥ፦ አሲንክ ኮድ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉዳዩ ይሄ ነው፦ አንድ ፋይል ወይም ሶኬት ይዘጋል፣ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጣል፣ የድሮውን ቁጥር የያዘ ኮድ ግን ሳያውቅ የሌላው ላይ ይሠራል፤ አሲንክ ኮድ ላይ ማለትም ሥራውን አዝዞ መልሱን ቆሞ በማይጠብቅ ኮድ ላይ ደግሞ ይብሳል። አብዛኛው ስለ ሊኑክስ ነው፣ ዊንዶውስም ትንሽ አለበት፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያስቸግረው ነው የምሄደው።

ፋይል ዴስክሪፕተር ራሱ ምንድነው? ፋይሉ ነው ወይስ ቁጥር?

ቁጥር ነው፣ በቃ ቁጥር። ፋይል ወይም ሶኬት ስትከፍቱ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ለፕሮሰሳችሁ ከያዘው ሰንጠረዥ ላይ ባዶ ቦታ ይፈልግና የቦታውን ቁጥር ይሰጣችኋል። ዋናው ነገር፣ ማለትም ፋይሉ የት ድረስ እንደተነበበ፣ ሶኬቱ ከማን ጋር እንደተገናኘ ምናምን፣ ከርነሉ ውስጥ ነው ያለው፤ እናንተ ጋ ያለው 7 የሚል ኢንት ብቻ ነው። 0፣ 1 እና 2 ለስታንዳርድ ኢንፑት፣ አውትፑትና ኤረር ስለሚያዙ የናንተ ብዙ ጊዜ ከ3 ይጀምራል።

ስልክ ቁጥር አድርጋችሁ አስቡት። ሲም ካርድ ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ ሲቀር ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል አይደል? አዲስ ሲም አውጥታችሁ በሳምንቱ "ሄሎ፣ ጋሼ ተስፋዬ ነዎት?" የሚል ሰው ከደወለላችሁ ይሄን ባግ በአካል አግኝታችሁታል። ደዋዩ ትክክለኛ ቁጥር ነው የመታው፣ ስልኩ ጠርቷል፣ ተነስቷል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ ያነሳው ሰው ብቻ ሌላ ነው። ከዚህ በታች ኤፍዲ እያልኩ የምጠራው ይሄንኑ ቁጥር ነው።

ኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ የሚጋራበት ሥርዓት) ላይ የሚመጣው "ስቴል ፋይል ሀንድል" ኤረር ይሄው ነው?

አይደለም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ግን ስትፈልጉ ሁለቱ ተደባልቀው ነው የሚመጡላችሁ። የኤንኤፍኤሱ (ሊኑክስ ላይ ኤረር ቁጥር 116) ሰርቨሩ ላይ ፋይሉ ጠፍቶ ክላየንቱ የድሮውን መለያ ይዞ ሲመጣ "ይሄን አላውቀውም" የሚባልበት ነው። እሱ ቢያንስ አፍ አውጥቶ ይናገራል፣ የኛው ግን ዝም ነው።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ ቶሎ ይደገማል? በአጋጣሚ ነው?

ሕጉ ነው እንጂ አጋጣሚ አይደለም። ፖሲክስ (ሊኑክስና መሰሎቹ የሚከተሉት ስታንዳርድ) ካልተያዙት ቁጥሮች ሁሉ ትንሹ ይሰጥ ይላል፣ ኦፕንም ሶኬትም አክሰፕትም (አዲስ ኮኔክሽን የሚቀበለው) ዱፕም (ለተከፈተ ነገር ሁለተኛ ቁጥር የሚያወጣው) እንደዛው ናቸው። ስለዚህ 7ን ዘግታችሁ ከ7 በታች ባዶ ቦታ ከሌለ ቀጥሎ የሚከፈተው ነገር፣ ሎግ ፋይል ይሁን የዳታቤዝ ኮኔክሽን ይሁን አዲስ ደንበኛ፣ 7ን ነው የሚያገኘው፤ ሥራ የበዛበት ሰርቨር ላይ ይሄ ዓይን እስኪጨፈን እንኳን አይፈጅም።

ከሜሞሪ ጋር አወዳድሩት። ፍሪ የተደረገ ፖይንተር መጠቀም አደጋ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል፣ ግን ሜሞሪ የሚሰጠው ማሎክ ያንኑ አድራሻ ወዲያው መልሶ ሊሰጣችሁም ላይሰጣችሁም ይችላል። ኤፍዲ ላይ "ሊሆን ይችላል" የሚባል ነገር የለም፣ መልሶ እንዲሰጥ ተጽፎበታል። ለዚህም ነው ሰዎች ፖይንተር ላይ የሚጠነቀቁትን ሩብ ያህል እንኳን ኤፍዲ ላይ ሳይጠነቀቁ ሲቀሩ የሚገርመኝ።

ኤረር ካላየሁ ደህና ነኝ ማለት ነው?

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። "ባድ ፋይል ዴስክሪፕተር" የሚለው ኤረር 9 የሚመጣው የያዛችሁት ቁጥር አሁንም ባዶ ከሆነ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሌላ ነገር ከወረሰው ራይትም ሪድም ክሎዝም በሰላም ይመለሳሉ፣ ኮዳችሁ "ተሳክቷል" ብሎ ሎግ ያደርጋል፣ እናንተም አምናችሁ ትተኛላችሁ። ስለዚህ ቴስት ላይ ኤረር 9 አንዴ ብልጭ ብሎ ከጠፋ "አልፎ አልፎ ነው የሚወድቀው፣ ድጋሚ አስነሳው" ብላችሁ አትለፉት፤ ያ ኤረር ዕድላችሁ ነው፣ ፕሮዳክሽን ላይ አይነግራችሁም።

የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦገስት መጨረሻ አካባቢ የፎሲል ዋና ሪፖዚተሪ ተበላሸ (ፎሲል ኤስኪውላይት የሚባለውን ዳታቤዝ የሚሠሩት ሰዎች የሚጠቀሙበት ቨርዥን ኮንትሮል ነው፣ ዳታውን የሚያስቀምጠውም እዛው ኤስኪውላይት ውስጥ ነው)። የሆነው ይሄ ነው፦ ዳታቤዙ ከመከፈቱ በፊት 2 ቁጥር፣ ማለትም ስታንዳርድ ኤረር፣ በስህተት ተዘግቶ ነበር፣ ስለዚህ ዳታቤዙ ሲከፈት ትንሹን ባዶ ቁጥር 2ን አገኘ፣ ከዛ በሌላ ባግ ምክንያት አንድ አሰርት (ኮዱ ራሱን የሚፈትሽበት መስመር) ወደቀና የኤረር መልእክቱን እንደወትሮው ወደ 2 ጻፈው፣ ዳታቤዙ ላይ ማለት ነው። ከዛ በኋላ ኦክቶበር 2013 ላይ ከወጣው 3.8.1 ጀምሮ ኤስኪውላይት ከ3 በታች ያለ ቁጥር ከደረሰው ለዳታቤዝ ፋይል አልጠቀምበትም ይላል። ልብ በሉ፣ ይሄ አሲንክም ትሬድም የሌለበት ነው።

አሲንክ ሲሆን ለምን ይብሳል?

ምክንያቱም "ይሄን ሥራልኝ" ባላችሁበትና ሥራው በተሠራበት መካከል ጊዜ አለ። ቀጥታ ኮድ ላይ ሪድ ጠርታችሁ፣ መልስ ተቀብላችሁ፣ ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ። አሲንክ ላይ ግን ኮልባኩ (ሥራው ሲያልቅ የሚጠራው ፋንክሽን) ውስጥ 7 የሚለውን ቁጥር አስቀምጣችሁ ሄዳችሁ፣ በመሃል ታይመር ተኩሶ ዘጋው፣ አክሰፕት መጥቶ ወሰደው፣ ከዛ ነው ኮልባኩ ተነስቶ "7ን አምጡልኝ" የሚለው። ትሬድ ፑል፣ ማለትም ወረፋ ላይ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ትሬዶች ስብስብ፣ ካለበት ደግሞ (ለምሳሌ ሊብዩቪ የሚባለው የአሲንክ ላይብረሪ የፋይል ሥራዎችን ሌላ ካላላችሁት በ4 ትሬድ ነው የሚሠራው) ሥራው ወረፋ ላይ ቆሞ እያለ ቁጥሩ ሦስት ባለቤት ሊቀያይር ይችላል።

አንድ ትሬድ ብቻ ያለው ኢቬንት ሉፕ ነው የምጠቀመው፣ እኔን አይነካኝም የሚል ሰው አይጠፋም። ይነካሃል። ሬስ (ማን ይቅደም የሚል ሽሚያ) ለመፍጠር ሁለት ትሬድ አያስፈልግም፣ ሁለት ኮልባክ ይበቃል።

ይሄ ባግ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

ዋናው ምልክት ዳታ የማይመለከተው ቦታ መገኘቱ ነው። የሎግ መስመር ኮንፊግ ፋይል መሃል ላይ ተጽፎ፣ የአንዱ ደንበኛ መልስ ለሌላው ሄዶ፣ ማንም ሳይዘጋው የተዘጋ ኮኔክሽን፣ ኤችቲቲፒ የሚጠብቅ ክላየንት የቆሻሻ ባይት ደርሶት። የተበላሸ ፋይል ካገኛችሁ በሄክስ ክፈቱትና የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፊርማውን ትቶ ነው የሚሄደው። 17 03 03 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ያ የቲኤልኤስ ሪከርድ ነው፣ ማለትም ለኔትወርክ የታሰበ የተመሰጠረ ዳታ ፋይላችሁ ላይ አርፏል። እ.ኤ.አ. በ2014 የፌስቡክ ኢንጂነሮች አይኦኤስ ላይ ሲበላሽ ያስቸገራቸው የኤስኪውላይት ፋይል ጉዳይም መጨረሻው ይሄው ነበር፦ የተዘጋ ሶኬት ቁጥር ላይ ኔትወርኩን የሚያመሰጥረው የኤስኤስኤል ኮድ መጻፉን ቀጥሎ፣ ቁጥሩን ዳታቤዙ ወርሶት።

የራሴን ላውራ። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ቤት ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚልክ ሰርቪስ ነበረን፣ ደንበኛ ደውሎ "የሰው ደረሰኝ ነው የላካችሁልኝ" አለ። እኛ መጀመሪያ ካሽ ነው አልን፣ ካሹን አጠፋን፣ ከዛ የዳታቤዝ ኩዌሪ ነው አልን፣ ሁለት ሳምንት እሱን ስናይ ከረምን፣ ሎጉ ላይ ሁሉም ነገር ተሳክቷል። በኋላ ትሬስ ስናደርግ የተገኘው ይሄን ይመስላል (ጊዜውን ትቼዋለሁ፣ ሁሉም ከሦስት ሚሊሰከንድ ባነሰ ውስጥ ነው)፦

ትሬድ 1፣ አክሰፕት(4) = 7፣ ደንበኛ ሀ
ትሬድ 1፣ የታይምአውት ኮልባክ፣ ክሎዝ(7) = 0
ትሬድ 2፣ አክሰፕት(4) = 7፣ ደንበኛ ለ
ትሬድ 1፣ የሪድ ኮልባክ፣ ክሎዝ(7) = 0
ትሬድ 2፣ አክሰፕት(4) = 7፣ ደንበኛ ሐ
ትሬድ 2፣ ራይት(7፣ የደንበኛ ለ ደረሰኝ) = 5120

አራተኛውን መስመር እዩት። የሀ ሪድ ኮልባክ "ተሰርዟል" የሚል ኤረር ደርሶት ኮኔክሽኑን ሊያጸዳ መጣ፣ ታይምአውቱ ቀድሞ እንዳጸዳው አላወቀም፣ የዘጋው ግን የደንበኛ ለን ሶኬት ነው። ከዛ ሐ መጥቶ 7ን ወሰደ፣ የደንበኛ ለ ደረሰኝ ደንበኛ ሐ ጋ ሄደ። ስድስቱም መስመር ላይ አንድ ኤረር የለም። ሀ፣ ነገሩን ያመጣው፣ ከሄደ ቆይቷል፤ ለዚህ ነው ችግሩ የታየበት ቦታ ላይ ተቀምጣችሁ ብታፈጡ ምንም የማታገኙት፣ መፈለግ ያለባችሁ ከዛ በፊት የነበረውን ክሎዝ ነው።

በየትኛው መሣሪያ ልጀምር?

በስትሬስ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠይቀውን ሁሉ (ሲስተም ኮል ይባላል) በሚያሳየው መሣሪያ። ትሬዶቹን በሙሉ እንዲከተል የኤፍ ኦፕሽኑን፣ ሰዓት እንዲያሳይ ቲ ሁለት ጊዜ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋይ ሁለት ጊዜ ስጡት። ይሄ የመጨረሻው ከቁጥሩ አጠገብ የፋይሉን ፓዝ ወይም የሶኬቱን አድራሻ ስለሚጽፍላችሁ ራቁቱን 7 ከማንበብ ያድናችኋል፤ ሌላ ሰው ሶኬት ላይ ክሎዝ ሲጠራ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዴስክሪፕተር ጋር የሚገናኙትን ሲስተም ኮሎች ብቻ እንዲይዝ የሚያደርግ ዴስክ የሚባል ፊልተርም አለው። ከተቻለ የኬ ኦፕሽኑን ጨምሩ፣ የእያንዳንዱን ጥሪ ስታክ ያወጣል፣ ያዘገያል ግን የትኛው ፋንክሽን እንደዘጋው ይነግራችኋል። ከዛ ውጤቱን በአንድ ቁጥር አጣሩና ማን ከፈተው ማን ዘጋው እያላችሁ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ውረዱ፣ ክሎዙ ጥንድ ያጣበት ቦታ ወይም የሌላ ሰው ጥንድ ላይ የገባበት ቦታ እሱ ነው። ዱፕ2ንም (መድረሻ ቁጥሩን ራሳችሁ የምትመርጡበት ዱፕ ነው) አትርሱ፣ ክሎዝ የሚል ስም የለውም እንጂ መድረሻው ላይ የነበረውን ይዘጋል።

ሲ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ ኮዱ ትሬድሳኒታይዘር ኤፍዲዎችንም ይከታተላል፣ አንድ ትሬድ ሲዘጋ ሌላው ሲያነብ ካገኘ ሬስ ብሎ ሁለቱንም ስታክ ያወጣል። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ኤፍዲሳን አለ፣ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ኤፍዲ ባለቤት መለያ ይለጥፋል፣ ያለ ባለቤቱ ሲዘጋ 10 ላይ ያስጠነቅቃል፣ ከ11 ጀምሮ ፕሮሰሱን ይገድለዋል። ጨካኝ ይመስላል እንጂ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ስትሬስ ስከፍት ባጉ ይጠፋል፣ ምን ላድርግ?

የታይሚንግ ነገር ስለሆነ ይጠፋል፣ ስትሬስ ሁሉንም ስለሚያዘገይ ሬሱ ቅርጹን ይቀይራል። ፐርፍ ትሬስ ወይም ቢፒኤፍትሬስ የሚባሉት መከታተያዎች ፕሮግራሙን የሚያዘገዩት በጣም ባነሰ ነው፣ ክሎዝ ላይ ብቻ ፕሮብ አድርጋችሁ ቁጥሩንና የዩዘር ስታኩን ብታወጡ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አርአር የሚባለው መቅጃም አለ፣ አንዴ ባጉን ከቀዳችሁት ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ቁጥሩ እንዳይደገም ማድረግን ነው። ዲባግ ቢልድ ላይ ክሎዝን በራሳችሁ ፋንክሽን ሸፍኑት፣ በትክክል ከመዝጋት ይልቅ በዱፕ2 ቁጥሩ ላይ "ሬሳ" አስተኙበት። ሬሳው በኦ ፓዝ ፍላግ የተከፈተ ዴስክሪፕተር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ላይ ሪድም ራይትም ስትሉ ኤረር 9 ነው የሚመልሰው። ዋናው ፋይል በዱፕ2ው ተዘግቷል፣ ቁጥሩ ግን ተይዟል፣ ማንም አይወርሰውም። አሁን የድሮ ቁጥር ይዞ የመጣ ኮድ ሁሉ ያለ አጋጣሚ፣ ሁልጊዜ፣ እዛው ጥፋቱ ላይ ይያዛል። ሁለተኛ ክሎዝ ከመጣም ሽፋናችሁ "ይሄ ሬሳ ነው" ብሎ አቦርት ያድርግ። ገደቡ ብዙ ጊዜ 1024 ስለሆነ ሬሳዎቹ እንዳይሞሉት ወይ ገደቡን ከፍ አድርጉ ወይ የቆዩትን በተራ ልቀቁ። እኛ ያንን የደረሰኝ ነገር በዚህ ስንሞክረው አሥር ደቂቃ አልሞላውም፣ ሁለቱ ሳምንት እስካሁን ይቆጨኛል።

ክሎዝ "ኢንተራፕትድ" ብሎ ከተመለሰ ልድገመው?

ሊኑክስ ላይ አትድገሙት። ሪድና ራይት ላይ መድገም ስለለመድን ክሎዝ ላይም ሉፕ መክተት ይቀናናል፣ ግን ሊኑክስ ቁጥሩን የሚለቀው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሲግናል የሚያቋርጠው ከዛ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ስለዚህ ስትደግሙት ወይ ኤረር 9 ታገኛላችሁ ወይ፣ ሌላ ትሬድ በመሃል ከከፈተ፣ የሱን ትዘጋላችሁ። ኤችፒ ዩኤክስ ላይ ተቃራኒው ነው፣ እዛ መድገም ነበረባችሁ፤ የድሮ ኮድ ውስጥ ያንን ሉፕ ካያችሁት ከዛ ዘመን የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከዘጋሁ በኋላ ቁጥሩን ማይነስ 1 ባደርገውስ?

አድርጉት፣ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን የሚጸዳው እናንተ ያጸዳችሁት ኮፒ ብቻ ነው። ኮልባኩ ውስጥ ያለው፣ ወረፋ ላይ ያለው፣ ላይብረሪው የያዘው አሁንም 7 ነው።

ክሎዝ የሚባል ነገር አልጠራሁም፣ ጎ (ወይም ፓይተን) ነው የምጽፈው፣ እንዴት ይሄ ይደርስብኛል?

ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ይዘጋላችኋል። ጎ ላይ ከአንድ ፋይል ኦብጀክት ኤፍዲውን አውጥታችሁ ኦብጀክቱን ከረሳችሁት አንድ ቀን ኮሌክተሩ ይመጣና ይዘጋዋል፣ እናንተ ግን ቁጥሩን አሁንም እየተጠቀማችሁበት ነው። ወይም በገልባጩ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ ኒውፋይል ትሉና ራሳችሁ በሲስኮል ትዘጉታላችሁ፣ ኦብጀክቱ ከደቂቃዎች በኋላ ሲሰበሰብ ድጋሚ ይዘጋል፣ ያን ጊዜ ቁጥሩ የማን እንደሆነ አላህ ይወቅ። ኦብጀክቱን በሕይወት ማቆየት (ኪፕአላይቭ ለዚህ ነው የተሠራው) ወይም ከመጀመሪያው ዱፕ አድርጎ የራስን ቁጥር መያዝ ነው መፍትሔው።

ፓይተን ላይ ሶኬትን በፋይልኖ ስትፈጥሩት ቁጥሩን ይረከባል፣ ፍሮምኤፍዲ ስትሉት ግን ዱፕ ያደርጋል፤ ይሄን ልዩነት ሳያውቁ ሁለቴ የሚዘጉ ብዙ ናቸው። ሌላው የአሲንክአይኦ ነው፣ ይሄን ቆም ብላችሁ አንብቡት፦ አድሪደር (ዳታ ሲመጣ ጥራኝ) ብላችሁ ያስመዘገባችሁትን ሶኬት ሪሙቭሪደር (ምዝገባውን ሰርዝ) ሳትሉ ከዘጋችሁት ከርነሉ ኢፖል (ብዙ ኤፍዲ አንድ ላይ የሚጠበቅበት የሊኑክስ ዘዴ) ውስጥ ያለውን ያነሳዋል፣ የፓይተኑ ሴሌክተር ግን 7 አሁንም ተመዝግቧል ብሎ ያምናል። አዲስ ሶኬት 7 ሆኖ ሲመጣ አድሪደር ብትሉ "ይሄማ አለ፣ ላስተካክለው" ይላል። የሚጠበቀው ኢቬንት ከድሮው ከተለየ ከርነሉን ጠይቆ "ፋይል ኖት ፋውንድ" የሚል ግራ የሚያጋባ ኤረር ይመጣል (የትኛው ፋይል? ያስብላል)፣ ተመሳሳይ ከሆነ ግን ከርነሉን ሳይጠይቅ ኮልባኩን ብቻ ይቀይራል፣ ኢፖል ውስጥ ምንም ስለሌለ ኮልባኩ መቼም አይጠራም፣ ፕሮግራማችሁ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ኤረር የሌለው ሃንግ ከገጠማችሁ ሪሙቭሪደሩ ከክሎዙ በፊት መሆኑን አረጋግጡ።

ረስት ላይ ከ1.63 ወዲህ ባለቤት የሆነ ኤፍዲና የተዋሱት ኤፍዲ በታይፕ ተለይተዋል፣ ይሄን ባግ ለማስቆም ከሁሉም የተሻለ ዲዛይን ይመስለኛል፣ ከጥሬ ቁጥር ጋር እስካልተጫወታችሁ ድረስ።

ኤፍዲውን ዘግቼ ኢፖል ግን ኢቬንት እየላከልኝ ነው፣ እንዴት ይሆናል?

ኢፖል የሚያስመዘግበው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንና ከጀርባው ያለውን ክፍት ፋይል አንድ ላይ ነው። ክፍት ፋይሉ የሚሞተው የመጨረሻው ኮፒ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ዱፕ አድርጋችሁት ከነበረ ወይም ፎርክ የተደረገ ልጅ ፕሮሰስ ይዞት ከሆነ የናንተን 7 መዝጋት ምዝገባውን አያነሳውም፣ ኢቬንቱ ይቀጥላል፣ በዛ ላይ ደግሞ ልሰርዘው ብትሉ 7 ስለተዘጋ ኤረር 9 ይላችኋል። ቤቱን ሸጣችሁ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ቀርቷል። መውጫው መጀመሪያ ከኢፖል መሰረዝ፣ ከዛ መዝጋት ነው። አሁን ምን እንደተመዘገበ ለማየት ፕሮክ (ከርነሉ የፕሮሰሶችን መረጃ የሚያሳይበት ፎልደር) ስር የፕሮሰሱ ኤፍዲኢንፎ ውስጥ የኢፖሉን ቁጥር ካት አድርጉ፣ ቲኤፍዲ በሚሉት መስመሮች ላይ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ በአንድ ዌት (ኢፖልን ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ጥሪ) ብዙ ኢቬንት መቀበል ነው። 100 ኢቬንት ተቀበላችሁ እንበል፣ አሥረኛውን ስታስተናግዱ ሌላ ኮኔክሽን ዘጋችሁ፣ የዛ ኮኔክሽን ኢቬንት ግን እዛው ባች ውስጥ 60ኛ ላይ ቁጭ ብሏል። እስከዛ ድረስ ቁጥሩን አዲስ ኮኔክሽን ከወሰደው የሟቹን ኢቬንት ለአዲሱ ታስተናግዱታላችሁ። ስለዚህ ባች መሃል ላይ አትዝጉ፣ "ሊዘጋ ነው" ብላችሁ ምልክት አድርጉና ባቹ ሲያልቅ ሁሉንም አንድ ላይ ዝጉ።

አይኦ ዩሪንግ ላይስ? እዛም ቁጥሩ ነው የሚላከው?

አዎ (አይኦ ዩሪንግ ሥራን በወረፋ ለከርነሉ የሚሰጥ የሊኑክስ ዘዴ ነው)፣ ግን ነገሩ ሁለት ደረጃ አለው። ሪኩዌስቱን ወረፋው ላይ ስትጽፉ ቁጥር ብቻ ነው፣ ከርነሉ ሲያነሳው ነው ቁጥሩን ወደ ፋይል የሚቀይረው። ራሳችሁ ኢንተር (ወረፋውን አንሳ ብሎ ለከርነሉ የሚነግረው ሲስተም ኮል) የምትጠሩ ከሆነ ያ ጊዜ በእጃችሁ ነው። የኤስኪው ፖል ሞድ ከሆነ ግን የከርነል ትሬድ በፈለገው ሰዓት ነው የሚያነሳው፣ ሪኩዌስቱን ጽፋችሁ ወዲያው ከዘጋችሁና ቁጥሩ ከተወረሰ ሥራው አዲሱ ፋይል ላይ ይሠራል።

ከተነሳ በኋላ ደግሞ ተቃራኒ ችግር ይመጣል፦ ሪኩዌስቱ ፋይሉን ይዞታል፣ እናንተ ክሎዝ ብትሉም ሪዱ አይሰረዝም፣ ሶኬቱም በትክክል አይዘጋም፣ ማዶ ያለው ሰው ኮኔክሽኑ ክፍት ይመስለዋል። ሪዱ ከተሳካ ዳታው እናንተ የለቀቃችሁት በፈር ላይ ይጻፋል፣ ይሄማ ሌላ ጣጣ ነው። ሂደቱ መሰረዝ (ከሊኑክስ 5.19 ጀምሮ በኤፍዲ መሰረዝም ይቻላል)፣ የመጨረሻዋ ኮምፕሊሽን (ሥራው አለቀ የሚለው መልስ) እስክትመጣ መጠበቅ፣ ከዛ መዝጋት ነው። መሰረዝ መጠየቅ ማለት ተሰርዟል ማለት አይደለም፣ መልሱን ጠብቁ። ስትሬስም እዚህ አይረዳችሁም፣ ሪድና ራይቱ እንደ ሲስተም ኮል አይታይም፣ ኢንተር ብቻ ነው የምታዩት፤ የአይኦ ዩሪንግ ትሬስፖይንቶችን በፐርፍ ክፈቱ።

ዊንዶውስ ላይ ይሄ ችግር የለም አይደል?

አለ። ሀንድል እዛም ቁጥር ነው፣ በ4 የሚካፈል፣ እሱም ይደገማል። መሣሪያው ግን የተሻለ ነው፦ አፕሊኬሽን ቬሪፋየር ላይ ሀንድልስ የሚለውን ስታበሩት የተዘጋ ሀንድል ስትነኩ እዛው ያቆማችኋል፣ ዊንዲቢጂ ላይ ደግሞ ኤችትሬስ የሚለው ትዕዛዝ አንድ ሀንድል የት እንደተከፈተና የት እንደተዘጋ ስታኩን ያወጣል። "ማን ነው የሚዘጋብኝ?" ለሚለው ደግሞ ሀንድሉን ከመዝጋት የሚጠብቅ ፍላግ አለ፣ እሱን ለጥፋችሁ በዲባገር ስታስሮጡት ሊዘጋ የመጣውን እጅ ከፍንጅ ትይዙታላችሁ። ኦቨርላፕድ ስትራክቸሩን (ዊንዶውስ ላይ የአሲንክ ሥራውን መረጃ የሚይዘውን) ግን ኮምፕሊሽኑ እስኪመጣ ፍሪ እንዳታደርጉት፣ ካንስል ብትሉም።

ሌላ ትሬድ ሪድ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ እሱን ለማስነሳት ኤፍዲውን ብዘጋውስ?

ሊኑክስ ላይ አይነሳም። የቆመው ትሬድ ፋይሉን ይዞ ስለገባ ክሎዙ ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው የሚያነሳው፣ እሱ መጠበቁን ይቀጥላል፣ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጣል፣ ከዛ የመጣለትን አንብቦ ሲጨርስ ተመልሶ በዛው ቁጥር ድጋሚ ሪድ ይላል፣ አሁን ግን የሰው ሶኬት ላይ። ሶኬት ከሆነ ሻትዳውን በሉት፣ ቁጥሩ ሳይለቀቅ ትሬዱ 0 ተመልሶለት ይነሳል፣ ከወጣ በኋላ ራሱ ይዝጋው። ፋይል ወይም ፓይፕ ከሆነ ኢቬንትኤፍዲ (ለመቀስቀሻ ብቻ የሚከፈት ኤፍዲ) ጨምራችሁ በፖል ሁለቱን አንድ ላይ ጠብቁና በእሱ ቀስቅሱት።

በቋሚነት እንዳይመለስ ኮዱን እንዴት ላዋቅረው?

የሚዘጋው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ታይምአውትም ኤረርም ጨርሻለሁም ሁሉም "ዝጋ" ብለው የሚጠይቁት አንድ ኦብጀክት ይኑር፣ እሱ ስንት ሥራ በመንገድ ላይ እንዳለ ይቁጠር፣ ቆጣሪው 0 ሲደርስ ብቻ ይዝጋ። በደረሰኙ ሰርቪስ ያስተካከልነው ይሄንኑ ነው፣ ሁለቱ ኮልባኮች ክሎዝ መጥራታቸውን አቁመው "እኔ ጨርሻለሁ" ብቻ ማለት ጀመሩ።

ሁለተኛ፣ ኮልባክ ውስጥ ጥሬ ቁጥር አታስቀምጡ። ኢፖልም አይኦ ዩሪንግም 64 ቢት የናንተ ዳታ ይዘው ይመልሱላችኋል፣ ግማሹ ላይ የራሳችሁን ሰንጠረዥ ኢንዴክስ፣ ግማሹ ላይ ትውልድ ቁጥር አድርጉ፣ ቦታው አዲስ ባለቤት ባገኘ ቁጥር ትውልዱ በአንድ ይጨምር። ኢቬንት ሲመጣ ትውልዱ ካልገጠመ የሟቹ ነው፣ ጣሉት፣ ግን ዝም ብላችሁ አትጣሉት፣ ቁጠሩና ሎግ አድርጉ። ያ ቆጣሪ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ማለቱ ጤነኛ ነው፣ መዝጋትና ኢቬንት ሲተላለፉ ያጋጥማል፤ በድንገት ወደ መቶዎች ከዘለለ ግን የዛን ሳምንት ዲፕሎይ ውስጥ አዲስ ክሎዝ የጨመረ ሰው አለ።